ስልኩ አልተነሳም፤ ማንም ግን አልሞተም

ሌሊት ነው። ከመጽሐፉ ሦስት አራተኛውን ጨርሻለሁ። አናጺው ስልክ ይደውላል፤ አይነሳም። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ይደውላል፤ አሁንም አይነሳም። ውጭ ዶፍ ዝናብ ይወርዳል። የሚጠብቀው ሰው የትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ነው፤ ከሥራ ከወጣ ቆይቷል። ምዕራፉ እዚህ ላይ ያልቃል።

እኔም መጽሐፉን ዘጋሁት። አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጬ ግድግዳ ግድግዳውን አያለሁ። ሞቷል አልኩ። መኪና ገጭቶታል። ወይ ደግሞ ጨለማ ውስጥ የጠበቁት ሰዎች ደብድበውታል። ሆስፒታሉን፣ የሐኪሙን ፊት፣ አናጺው «ዘመድ ካልሆንክ አትገባም» ተብሎ ከበር ሲመለስ፣ ሁሉንም በጭንቅላቴ ጽፌ ጨረስኩ። ለቀብሩ የሚለብሰውን ኮት ሳይቀር መረጥኩለት።

ከዚያ ገጹን ገለጥኩ። በሩ ተንኳኳ። ሰውዬው ከራስ ፀጉሩ እስከ እግር ጥፍሩ በስብሶ ቆሟል። ስልኩ ባትሪ ጨርሶ ተዘግቷል። የአንዲት አሮጊት ጎረቤት ድመት ጣራ ላይ ወጥታ አልወርድም ብላ፣ እሷን ሲያወርድ ነው ያመሸው። አናጺው ፎጣ አቀበለው። «ራቱ ቀዝቅዟል» አለው። አሞቁት፣ በሉ፣ ተኙ። በቃ።

ደስ ሊለኝ ሲገባ ግራ ገባኝ። ያመለጠኝ ነገር ይኖር እንደሆነ ብዬ ወደ ኋላ እየገለጥኩ ፈለግሁ። ድመቷን ራሷን ሳይቀር ጠረጠርኳት። የሚገርመው፣ መጽሐፉ ምን እንደሆነ አሳምሬ አውቅ ነበር። ጣፋጭ ጌይ ሮማንስ ከሚባለው፣ ሁለት ወንዶች ያለ ብዙ መከራ ከሚፋቀሩበት የልቦለድ ዘርፍ ነው። ሽፋኑ ላይ ሁለት ወንዶች አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው ይስቃሉ። ጀርባው ላይ ጭንቀት የማይበዛበት፣ ልብ የሚያሞቅ ታሪክ እንደሆነ ተጽፏል። ደራሲው ገና መግቢያው ላይ ማንም ሰው እንደማይሞት፣ ውሻውም እንደማይሞት ቃል ገብቷል። ይህን ሁሉ አንብቤ ነው የጀመርኩት። ታዲያ ያንን ቀብር ከየት አመጣሁት?

ቀብሩን ያስለመዱን መጻሕፍት

እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባል የለ። እኔ የበረገግኩት በልጡ ነው። እባቡን ያየሁት ከዚያ በፊት ባነበብኳቸው ልቦለዶች ውስጥ ነው።

ለረጅም ዘመን ሁለት ወንዶች የሚዋደዱበት መጽሐፍ እጃችሁ ከገባ መጨረሻውን መገመት አይከብድም ነበር። ከሁለቱ አንዱ ይሞታል። ካልሞተ ሚስት አግብቶ በመስኮት አሻግሮ እያየ ይቆዝማል። ካልቆዘመ ያብዳል። ይህን የደራሲዎቹ ጨለምተኝነት ብቻ ያመጣው አይምሰላችሁ። የሕግም የገበያም እጅ አለበት።

እንግሊዛዊው ኢ. ኤም. ፎርስተር «ሞሪስ» የተባለውን ልቦለዱን የጻፈው በ1913 እና በ1914 ነው (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። መጨረሻው ላይ ሁለቱ ወንዶች አብረው ለመኖር ይወስናሉ። መጽሐፉ ለሕዝብ የወጣው ግን በ1971፣ ደራሲው በሞተ በዓመቱ ነው። ፎርስተር በ1960 አንድ ማስታወሻ ጽፎለታል። ደስተኛ ፍጻሜ የግድ ነበር፣ ያለዚያ መጻፉን አልደክምበትም ነበር ይላል። ከዚያ የሚለው ነው እኔን የያዘኝ። ታሪኩ አንድ ወጣት በገመድ ተንጠልጥሎ፣ ወይም ሁለቱ አብረው ራሳቸውን አጥፍተው ቢያልቅ ኖሮ ምንም ችግር አይኖርም ነበር። ፍቅረኞቹ ሳይቀጡ ማምለጣቸው ነው ወንጀልን እንደማበረታታት የሚቆጠረው። በእንግሊዝና በዌልስ በሁለት አዋቂ ወንዶች መካከል በግል የሚደረግ ግንኙነት ወንጀል መሆኑ የቀረው በ1967 ነው፤ ያውም ሁለቱም 21 ዓመት ከሞላቸው።

ሴቶቹም ዘንድ ያው ነው። በ1952 አሜሪካ ውስጥ ስለ ሁለት ሴቶች ፍቅር የሚያወራ አንድ የኪስ መጽሐፍ ወጥቶ እንደ ጉድ ተሸጠ። ደራሲዋ ኋላ እንደተናገረችው፣ ፍጻሜው ደስ የሚል እንዳይሆን አሳታሚው አስቀድሞ አስጠንቅቋት ነበር። ምክንያቱ መጽሐፉ በፖስታ ነው የሚጓጓዘው። የፖስታ ተቆጣጣሪዎች ይህን ዓይነት ፍቅር የሚያሞግስ መስሎ ከታያቸው ይወርሱታል። በዚያው ዓመት ፓትሪሺያ ሃይስሚዝ በብዕር ስም ያወጣችው ልቦለድ ሁለቱን ሴቶች በተስፋ አሰናበታቸው። ለደራሲዋ የአንባቢ ደብዳቤ ጎረፈላት። የራሷን ስም ሽፋኑ ላይ ያወጣችው ግን በ1990 ነው።

እነዚህን ታሪኮች ከዚህ በፊትም አውቃቸዋለሁ። ከዚያ ሌሊት በኋላ ግን ሌላ መልክ ያዙብኝ። አልጋ ላይ ተቀምጬ የጻፍኩት ቀብር የእኔ ብቻ ድርሰት አልነበረም ማለት ነው። ስሙን የማላውቀው አንድ የፖስታ ተቆጣጣሪም እጁ አለበት።

«ምንም አይፈጠርም እኮ!»

መጽሐፉን ለአንዲት ጓደኛዬ አዋስኳት። የወንጀል ልቦለድ ነው የምትወደው። የመጀመሪያው ምዕራፍ ላይ ሬሳ ካልተገኘ መጽሐፉ የጀመረ አይመስላትም። ስትመልስልኝ «ቆንጆ ነው፤ ግን ምንም አይፈጠርም እኮ!» አለችኝ።

«እንዴት አይፈጠርም? ተዋደዱ አይደል እንዴ?»

«እሱማ ከሽፋኑ ያስታውቃል።»

ሳቅን። የአንቺስ መርማሪ ገዳዩን እንደሚይዘው ከሽፋኑ አያስታውቅም ወይ ማለት ነበረብኝ፤ መልሱ የመጣልኝ ከሄደች በኋላ ነው። ግን ነገሯ ከነከነኝና መጽሐፉን አንስቼ ያቺን ምዕራፍ እንደገና አነበብኳት።

በተለመደው የፍቅር ልቦለድ ሦስት አራተኛው ላይ ጥንዶቹ ይለያያሉ። አንዱ የደበቀው ነገር ይጋለጣል። ወይም የቀድሞ ፍቅረኛ ብቅ ይላል። ወይም ሁለት ደቂቃ ቁጭ ብለው ቢያወሩ የሚፈታ አለመግባባት ሁለት ምዕራፍ ሙሉ ያስለቅሰናል። ከዚያ አንዱ ወደ ኤርፖርት ይሮጣል። ዘውጉን የሚያነብ ሁሉ ይህን ቦታ ያውቀዋል። እኔን ያስደነገጠኝ ስልክ የተቀመጠውም ልክ እዚያ ነው። ደራሲው ቦታውን ያውቀዋል። እኔ እንደማውቀውም ያውቃል። ሆን ብሎ ድመት አስቀመጠበት።

ይህን ሳስተውል ፈገግ አልኩ። ቀጥሎ ያገኘሁት ግን ፈገግታዬን አጠፋው። በመጀመሪያው ጥሪና በሁለተኛው ጥሪ መካከል አንዲት አጭር ዓረፍተ ነገር አለች። አናጺው ከቁም ሳጥኑ ፎጣ አውጥቶ ወንበሩ መደገፊያ ላይ ይሰቅላል። ይኸው ነው። መጀመሪያ ሳነብ ዘልያት ነበር፤ ወይም አይኔ አይቷት ልቤ አልመዘገባትም። እኔ መኪናውን፣ ደብዳቢዎቹን፣ ሆስፒታሉን እያሰብኩ ነው። እሱ ደግሞ የራሰ ሰው እየጠበቀ ነው።

እዚህች ላይ ብዙ ቆየሁ። አናጺው አልተጨነቀም ማለት አይደለም። ተጨንቋል፤ ደጋግሞ መደወሉ ምስክር ነው። ጭንቀቱ ግን ሰውዬው ይመጣል ከሚል እምነት ጋር ነው አብሮ የሚኖረው። ዝናብ ነው፣ ስለዚህ ይረጥባል፣ ስለዚህ ፎጣ ያስፈልገዋል። የእኔ ሐሳብ ያለፈበትን መንገድ ጨርሶ አላለፈበትም። መጽሐፉ በመግቢያው ቃል የገባልኝን እኔ አላመንኩትም። ታሪኩ ውስጥ ያለው ሰው፣ ያ መግቢያ የማይነበብለት ሰው፣ አመነ።

ጓደኛዬ «ምንም አይፈጠርም» ያለችው እንግዲህ ይህችን ገጽ ነው። እንደኔ ከሆነ በዚህ ዓመት ካነበብኩት ሁሉ ብዙ ነገር የተፈጠረባት ገጽ ናት።

ታዲያ ምን ያስገልጣል?

ሬሳ የለም። ጠብ የለም። መጨረሻው ይታወቃል። ገጹን የሚያስገልጠኝ ምንድን ነው? ይህን ራሴን ስጠይቅ ያገኘሁት መልስ ትንሽ ያሳፍራል። አንዱ ሌላውን አስተውሎታል ወይ የሚለውን ለማወቅ ነው የምገልጠው። ያ መነጽር የሚያደርገው ልጅ ደረጃ ሲወርድ ቀኝ ጉልበቱን እንደሚያመው ያኛው አይቷል? ካየስ ምን ያደርጋል? በሚቀጥለው ቀን ቀጠሮውን ምድር ቤት ሲያደርገው «አየሃት!» እያልኩ ለብቻዬ እጮኻለሁ።

ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል የሚለው አባባል ለዚህ ዘውግ የተባለ ይመስለኛል። አንባቢዎቹ ስሎው በርን፣ ቀስ ብሎ የሚነድ፣ ይሉታል። የመጀመሪያው መሳሳም መጽሐፉ ግማሽ ላይ ሊመጣ ይችላል። እስከዚያ ያለው ሁሉ የእጅ፣ የአይን፣ የዝምታ ጉዳይ ነው። ሁለተኛ የጥርስ ብሩሽ መታጠቢያ ቤት ይገባል። ቁልፍ ይቀረጻል። አንዱ ሌላው የማይወደውን ወንበር ሳይናገር ይቀይርለታል። የታወቁት የዘውጉ ዘዴዎችም አሉ። ሆቴል ይሄዳሉ፤ አልጋው አንድ ብቻ ነው። ለቤተሰብ ግብዣ ሲባል ፍቅረኛ መስለው ይቀርባሉ፤ ውሸቱ ሳያውቁት እውነት ይሆናል። አንዱ ፊቱን የማይፈታ ኩርፍተኛ ነው፤ ሌላው ፀሐይ። እነዚህን ከአንድም ሁለት ሦስቴ አንብቤያቸዋለሁ፤ ሽፋኑ ላይ ካየኋቸው አሁንም እገዛለሁ።

ለዚህ ሥራ ኖቬላ፣ ከአጭር ልቦለድ የሚረዝመው ከረጅሙ የሚያጥረው፣ የሚመች ቅርጽ ነው። የሳይንስ ልቦለድ ጸሐፍት የሚሰጡት የኔቡላ ሽልማት ኖቬላን ከ17,500 እስከ 40,000 ቃል ባለው ውስጥ ያስቀምጠዋል። በሮማንስ ዓለም እንዲህ ያለ ጥብቅ ወሰን ባይኖርም መጠኑ ከዚያ ብዙም አይርቅም። አንድ ምሽት ይበቃዋል። ለክፉ ሰው የሚሆን ቦታ የለውም። ለቀድሞ ፍቅረኛም የለውም። ደራሲው አንድ ችግር ብቻ ነው ማስገባት የሚችለው፤ እሷም ትንሽ መሆን አለባት። ረጅሙ ልቦለድ ላይ ይህ ሰላም ይደክማል። 400 ገጽ ሙሉ ሁለት ሰዎች ሲስማሙ ማንበብ፣ እውነቱን ለመናገር፣ እኔንም እንቅልፍ ይወስደኛል።

ያበዙት ደግሞ አሉ

መቼም ሁሉም እንደ ፎጣዋ ገጽ አይደሉም። የዚህ ዘርፍ መጥፎ መጽሐፍ በጣም መጥፎ ነው። ሁለቱ ሰዎች ሲያወሩ የምክር አገልግሎት ቢሮ የተቀመጡ ይመስላሉ። «ስሜትህን ስላካፈልከኝ አመሰግናለሁ።» «እኔም ድንበሬን ስላከበርክልኝ አመሰግናለሁ።» የሚያፈቅር ሰው እንዲህ ያወራል እንዴ? ሁሉም ጎረቤት ደግ ነው። አያትየዋ ገና ከመጀመሪያው ገጽ ታውቃለች፤ ትስቃለች፤ ታጋባለች። ሥራ አላቸው ይባላል እንጂ ሲሠሩ አይታዩም። ውሻው ከሁለቱም የተሻለ ባሕርይ አለው። መጨረሻ ላይ ሠርጉን አንብበን ስንጨርስ፣ ከአምስት ዓመት በኋላ የሆነውን የሚተርክ ኢፒሎግ ይመጣል፤ ከእሱ በኋላ ሌላ ኢፒሎግ።

አንድ የማውቃቸው ትልቅ ሰው አሉ። ከሌላ ወንድ ጋር ጎጆ ቀልሰው ብዙ ዘመን ኖረዋል። ይህን ዓይነት መጽሐፍ አያነቡም። እኔ ነኝ ነዝንዤ የአናጺውን መጽሐፍ የሰጠኋቸው። ምን ይሉ ይሆን ብዬ ጓጉቼ ነበር፤ በተለይ ስለ ፎጣዋ።

«ውሸት ነው» አሉኝ።

«ምኑ ነው ውሸቱ?»

«እኔ ብሆን መጀመሪያ እጮህበት ነበር። ስልክህን ቻርጅ አድርግ ብዬህ አልነበረም ወይ እለዋለሁ። እሱም ይመልስልኛል፤ እሱ ዝም የሚል ሰው አይደለም። ፎጣውን ከዚያ በኋላ ነው የምሰጠው። እርግጥ እሰጠዋለሁ።»

አልተከራከርኳቸውም። ደራሲው የሰረቀን ነገር ይህ ነው። ዘውጉ ጭንቀት እንዳይኖር ሲጠነቀቅ አንዳንዴ ጭቅጭቁንም አብሮ ይጠርገዋል። ሁለቱ ግን አንድ አይደሉም። ጭንቀት ማለት ይሄ ሰው ነገ ይኖራል ወይ ብሎ መፍራት ነው። ጭቅጭቅ የሚቻለው ነገ እንደሚኖር ስታውቁ ነው። ሰውዬው የሚጮሁት እኮ ያኛው ስለማይሄድባቸው ነው። ጎበዝ ደራሲዎች ይህን ያውቁበታል። ገጸ ባሕርያቸው ስለ እቃ አጠባ አምርረው ይጣላሉ፤ እኔም ያለ ምንም ስጋት፣ በእርጋታ፣ እየሳቅሁ አነባለሁ።

ጥላቻ የሌለበት ከተማ

አንድ ክስ ይቀራል፤ እኔም ገና አልጨረስኩትም። ብዙዎቹ መጻሕፍት የሚካሄዱት ማንም ሰው ክፉ ቃል በማይናገርበት ቦታ ነው። ሁለቱ ወንዶች አደባባይ ላይ ይደንሳሉ፤ ከንቲባው ያጨበጭባል። ይህ ውሸት ነው የሚሉ አሉ። ብዙ ሰው በፍርሃት በሚኖርበት ዓለም ፍርሃት የሌለበት ታሪክ መጻፍ ማላገጥ ነው ይላሉ።

አንዱ መልሴ ቀላል ነው። ወንድና ሴት የሚፋቀሩባቸውን ልቦለዶች ማንም በዚህ ሚዛን አይመዝናቸውም። እንግሊዝ በታሪኳ ካየቻቸው መስፍኖች በልቦለድ የተፈጠሩት ሳይበዙ አይቀሩም፤ ሁሉም ቆንጆ፣ ሁሉም ሀብታም፣ ሁሉም ገረዲቱን የሚያገቡ። በዚህ የተናደደ አንባቢ አላየሁም። ደስታ መፈልሰፍ ለአንዱ ሲፈቀድ ለሌላው ለምን ማስረጃ ይጠየቃል?

ሌላው መልሴ ግን ያን ያህል አያስተማምነኝም። ከንቲባው ሲያጨበጭብ እኔም ትንሽ እወጣለሁ፤ ከታሪኩ ማለቴ ነው። የሚይዘኝ ሌላ ዓይነት ነው። አንድ ኖቬላ ውስጥ ሁለቱ ሰዎች መንገድ ላይ ይሄዳሉ። አንዱ የሌላውን እጅ ሊይዝ ይልና መጀመሪያ ግራና ቀኝ ያያል። ደራሲዋ ምንም አትጨምርም። ብዙ ገጽ አልፎ እነዚያው ሰዎች ስለ መጋረጃ ቀለም እየተከራከሩ ይሄዳሉ፤ እጅ ለእጅ ተያይዘዋል፤ ግራና ቀኝ ያየ የለም። ደራሲዋ አሁንም ምንም አትልም። ሳታስተውሉ ልታልፉት ትችላላችሁ። ፍርሃቱ ነበረ፤ አንድ ቀን መጋረጃ በለጠውና ተረሳ። ከንቲባ አላስፈለገም።

እነዚህን ብዙ ጊዜ የሚጽፉት ሴቶች መሆናቸውም ያነጋግራል። የወንዶችን ፍቅር ሴት ምን አግብቷት ትጽፋለች የሚሉ አሉ። እኔ ይህን በጅምላ መመለስ አልችልም፤ መጽሐፍ በመጽሐፍ ነው የማየው። የዘርፉ አንድ ትልቅ ሥር ግን እዚያው እንዳለ መካድ አይቻልም። በ1970ዎቹ «ስታር ትሬክ» የተባለው የጠፈር ተከታታይ ፊልም አድናቂዎች፣ አብዛኞቹ ሴቶች፣ የፊልሙን ሁለት ጀግኖች፣ ካፒቴን ከርክንና ስፖክን፣ የሚያፋቅሩ ታሪኮች ጽፈው በራሳቸው እያባዙ በፖስታ ይለዋወጡ ነበር። ፖስታ ቤቱ እዚህም አለ፤ በዚህኛው ታሪክ ግን ጎበዝ ሆኖ ያደርስላቸዋል።

ያ ልማድ ኋላ ኢንተርኔት ላይ ወጣ። በ2009 የተከፈተው አርካይቭ ኦፍ አወር ኦውን የተባለው የአድናቂዎች ቤተ መጻሕፍት እያንዳንዱ ታሪክ አናቱ ላይ ምልክት እንዲለጠፍበት አደረገ። ዋና ገጸ ባሕርይ የሚሞት ከሆነ ማስጠንቀቂያ አለው፤ ደራሲው አላስጠነቅቅም ካለም እሱ ራሱ ይጻፋል። ፍላፍ የሚል ከሆነ ለስላሳ ነው፤ ማንም አይጎዳም። ቤተ መጻሕፍቱ በ2019 ሂዩጎ የተባለውን የሳይንስ ልቦለድ ሽልማት አግኝቷል። የአናጺው ደራሲ መግቢያው ላይ ውሻው አይሞትም ብሎ የጻፈው ከዚህ ልማድ የመጣ ይመስለኛል። መጨረሻውን መንገር ታሪክ ያበላሻል ተብሎ ላደገ አንባቢ ይህ እንግዳ ነገር ነው። እኔ ግን ወድጄዋለሁ። ስንት ጊዜ መጨረሻው ላይ የተከዳ አንባቢ ዋስትና ቢጠይቅ ምን ይገርማል? ችግሩ ዋስትናው ወረቀት ላይ ቢጻፍም ልብ ቶሎ አይቀበለውም። ካልታዘልኩ አላምንም እንዳለችው ሙሽራ፣ እኔም የመጨረሻው ገጽ እስኪገለጥ ድረስ ኮት ስመርጥ ነው የማመሸው።

አሁን አሁን ትንሽ ቀንሶልኛል። በቅርቡ ያነበብኩት ውስጥ አንዱ ሰው ለምርመራ ሐኪም ቤት ሄደ። ድሮ ቢሆን መጽሐፉን ወርውሬው ነበር። አሁን ምን ዓይነት መነጽር ያዙለት ይሆን ብዬ ገለጥኩ። እውነትም መነጽር ነበር፤ ፍሬሙ አስቀያሚ ነው ተባብለው ተሳሳቁ።

የጎደለኝ

የእኚያን ትልቅ ሰው ነገር ካነሳሁ አይቀር አንድ ቅሬታ አለኝ። የእነዚህ መጻሕፍት ሰዎች ሁሉ ልጆች ናቸው። ሃያ ስምንት፣ ሠላሳ ሁለት፣ ቢበዛ አርባ። አርባ ዓመት የሞላው ደግሞ ሽበቱን በየገጹ ይነግሩናል። ፍቅር ሁልጊዜ ገና ሊጀመር ነው። ተጀምሮ የቆየውን፣ ሠላሳ ዓመት የተጨቃጨቀውን፣ የማን ክኒን የትኛው እንደሆነ በቀለም ለይቶ የሚያውቀውን የሚጽፍልኝ ደራሲ ብዙ አላገኘሁም። «የእኛን ራት ማን ብሎ ገንዘብ ከፍሎ ያነባል?» ብለውኛል ሰውዬው። እኔ አነባለሁ። ልብ የሚያንጠለጥል ነገር አያስፈልገኝም። ከሁለቱ አንዱ የመስሚያ መሣሪያውን የት እንዳስቀመጠ ይፈልግ፤ ሌላው የት እንዳለ ያውቅና ትንሽ ያንገላታው። ከዚህ አንድ ጥሩ ኖቬላ ይወጣል።

ጥቂት አግኝቻለሁ፤ አይበቁኝም። አብዛኞቹ ደግሞ ሽማግሌዎቹን አገናኝተው ሳይጨርሱ አንዱን ልቡን ያሳምሙታል። ዕድሜ ሲገፋ ሞት ይቀርባል፣ ያ ይገባኛል። ግን በ17,500 ቃል ውስጥ የግድ መድረስ አለበት? በሽማግሌዎች መካከል ያለ፣ ሰላም የሰፈነበት፣ ጭቅጭቅ ያልተነፈገው አንድ መጽሐፍ የምታውቁ ካላችሁ ጠቁሙኝ። ውሻ ባይኖርበት ደስ ይለኛል። ካለበት ግን እንዳይሞት።